ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን የሚቀሩት ለምንድን ነው? የቀሩትንስ እንዴት እንፈልጋቸው?

ጥያቄ፦ «በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት ኮሚቴ አባል ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እሁድ እሁድ መቀመጫው እየሳሳ መጥቷል። ከቀሩት መካከል አምልኮ ትመራ የነበረች እህት፣ ልጆችን ያስተምር የነበረ ወንድም፣ በእጃችን ያደጉ ወጣቶችም አሉ። ስንደውልላቸው ‹ጊዜ አጣሁ› ይሉናል። መጋቢያችን ‹ፍቅራቸው ቀዝቅዞ ነው› ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ፕሮግራሙ አሰልቺ ስለሆነ ነው፣ መዝሙሩም አቀራረቡም ይቀየር እንላለን። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ሰው ለምን ይቀራል? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ኮሚቴያችሁ ለሁለት ቢከፈልም ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት የተስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የቀሩት ሰዎች አስበውና ወስነው ነው የቀሩት የሚለው። እኔ የምጠራጠረው ይህንኑ ነው። ሥራዬ ከጉባኤ የራቁ ሰዎችን ማነጋገርና ቤተ ክርስቲያናትን ማማከር ነው፤ አብዛኞቹ የቀሩበትን ቀን እንኳ ለይተው አይነግሩኝም። «ለምን ቀሩ?» ተብለው ሲጠየቁ ለጥያቄው የሚመጥን ምክንያት እዚያው አበጅተው ይሰጣሉ፤ ስብከቱ፣ መዝሙሩ፣ የጊዜ ማጠር። «ለመጨረሻ ጊዜ አዘውትረው የመጡት መቼ ነበር? ያን ሰሞን በቤትዎ ምን ነበር?» ሲባሉ ግን ሌላ ታሪክ ይወጣል። እናት ታማ ነበር። የሥራ ፈረቃ ተቀይሮ ነበር። ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረው ነበር። ሁለተኛ ልጅ ተወልዶ ነበር። ትዳር ተናግቶ፣ ያንን ይዞ ሰው ፊት መቆም አሳፍሮ ነበር። እምነቱ ከተነቃነቀም ብዙውን ጊዜ የሚነቃነቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ቁጥሩን እንፈትሽ፤ «መቀመጫው ሳሳ» ማለት የግድ «ሰው ለቀቀ» ማለት አይደለም። 200 አባላት ያሏት ቤተ ክርስቲያን ሁሉም በወር አራቱንም እሁድ ቢመጡ በየሳምንቱ 200 ሰው ታያለች። እነዚያው ሰዎች በወር ሦስት ጊዜ ብቻ መምጣት ቢጀምሩ በአማካይ 150 ይታያል፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ 100። አዳራሹ በግማሽ ባዶ ሆኗል፤ የለቀቀ ሰው ግን አንድም የለም። ከመድረክ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ስለ መፍትሔ ከመከራከራችሁ በፊት ማን ጨርሶ እንደቀረ፣ ማን ደግሞ አልፎ አልፎ የሚመጣ እንደሆነ ስም በስም መለየት ይኖርባችኋል። አልፎ አልፎ የሚመጣው ሰው አሁንም ራሱን የእናንተ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። እንደ ጠፋ ሰው ካነጋገራችሁት ይገረማል፤ ሊቀየምም ይችላል።

ችግሩ በእናንተ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው የጋሉፕ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1937 መጠየቅ ሲጀምር ከአዋቂዎቹ 73 በመቶው የአንድ ቤተ እምነት አባል ነበሩ፤ በ1999 ቁጥሩ 70 በመቶ ነበር፤ በ2020 ወደ 47 በመቶ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ በታች ሆነ። ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት ይመስለኛል። ወደ አምልኮ እምብዛም የማይሄዱ አሜሪካውያን በጣም አስፈላጊ የሚሏቸውን ምክንያቶች ሲጠየቁ 37 በመቶዎቹ እምነታቸውን በሌላ መንገድ እንደሚኖሩት ተናገሩ። 28 በመቶዎቹ አማኝ አይደለንም አሉ። የምንወደው የአምልኮ ስፍራ አላገኘንም ያሉት 23፣ ስብከቱን አንወደውም ያሉት 18፣ የሚቀበሉን አይመስለንም ያሉት 14 በመቶ ናቸው። «ጊዜ የለኝም» የሚለውን በጣም አስፈላጊ ምክንያት ያደረጉት 12 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ እናንተ በስልክ ዘወትር የምትሰሙት መልስ ከዝርዝሩ ግርጌ አካባቢ ያለው ነው። ሰዎቹ ይዋሻሉ ማለቴ አይደለም። «ጊዜ አጣሁ» ማንንም የማያስቀይም፣ ተጨማሪ ጥያቄም የማያስከትል የጨዋ መልስ ነው። መጋቢያችሁም አንድ ነገር ልብ ቢሉ ደስ ይለኛል፤ ከአሥሩ ሰባቱ እምነት ማጣትን እንደ ዋና ምክንያታቸው አላነሱም።

እምነት ሳይጠፋ እግር እንዴት ይጠፋል? ጉባኤ መሄድ ልማድም ነው፤ ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። አዘውትሮ የሚሄድ ሰው እሁድ ጠዋት ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ለብሶ ይወጣል። ሕመም፣ ወሊድ ወይም የፈረቃ ለውጥ ያንን ልማድ ካቋረጠው በኋላ ግን መሄድ ራሱ በየሳምንቱ እንደ አዲስ የሚወሰን ጉዳይ ይሆንበታል፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም የሰነበተ ሰው ደግሞ በዚህ ክርክር ብዙ ጊዜ ይረታል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአምልኮ ስፍራዎች ሲዘጉ ብዙ አገልጋዮች ይህን በዓይናቸው አይተዋል። በሮቹ ሲከፈቱ ካልተመለሱት መካከል ቀድሞ ጠንካሮች የሚባሉ ነበሩበት። ከማንም አልተጣሉም፤ ትምህርቱንም አልካዱም።

ልማዱ ቢቋረጥም ሰውን መልሶ የሚስበው ወዳጅ ነው። ቼዩን ሊም እና ሮበርት ፑትናም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አዘውትረው የሚያመልኩ ሰዎች በሕይወታቸው ይበልጥ የሚረኩት በዋናነት በጉባኤያቸው ውስጥ የቅርብ ወዳጆች ስላሏቸው መሆኑን አሳይተዋል። እየመጡ እዚያ ወዳጅ የሌላቸው ሰዎች ከማይመጡት የተሻለ እርካታ አልታየባቸውም። ይህን ወደ አዳራሻችሁ አምጥተው ይመልከቱት። በየሳምንቱ የሚመጡ፣ መባ የሚሰጡ፣ በር ላይ እጅ ከመጨባበጥ ያለፈ ግን ከማንም ጋር ተቀምጠው ያላወሩ ሰዎች አሉ። እነርሱ ገና ሳይቀሩ ለመቅረት ተዘጋጅተዋል፤ የቀሩትን ብቻ የሚፈልግ ኮሚቴ አያያቸውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው፤ ብዙውን ነገር የሚወስነውም እርሱ ነው። ጆን ሳቬጅ የተባለ አሜሪካዊ የሜቶዲስት አገልጋይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከጉባኤ የራቁ አባላትን ቤታቸው ሄዶ አነጋግሮ ነበር። ካነጋገራቸው መካከል ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው መጥቶ ለምን እንደራቀ የጠየቀው አንድም አልነበረም። ከዚሁ ሥራው ያገኘው ሌላው ነገር ሰው ሲቀር ወዲያው እንደማይቆርጥ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያህል ልቡን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃል፤ የሚፈልገው ይመጣ እንደሆነ ያያል። ማንም ሳይመጣ ሲቀር ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ የነበረውን ጊዜና ጉልበት ለሌላ ነገር ያውለዋል፤ ለቤተሰቡ፣ ለትምህርት፣ ለስፖርት፣ ለሌላ ማኅበር። እናንተ በስድስተኛው ወር ስትደውሉ እሁዱ ተይዟል። ያኔ «ጊዜ አጣሁ» ሲላችሁ እውነቱን ነው።

ስለ ስልኩ ካነሳን አይቀር፣ የኮሚቴ ጥሪ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይመስላል፦ «ሰላም ነህ ወንድሜ? ከቤተ ክርስቲያን ነው። ጠፋህ እኮ! በሰላም ነው? የፊታችን እሁድ ልዩ ፕሮግራም አለን፤ እንጠብቅሃለን።» ደዋዩ ስሙን አልተናገረም፤ የደወለው ድርጅት ሆኖ ነው። «ጠፋህ» አለ፤ ለአሥር ሳምንት ድምፁን ያጠፋው ግን እርሱም ነው። «በሰላም ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ግብዣው አለፈ። በዚህ ጥሪ ውስጥ ሰውየው እናቱ መሞቷን የሚናገርበት ክፍተት የት አለ?

ይህን ደግሞ ያወዳድሩት፦ «እኔ እገሌ ነኝ፤ የልጆች ክፍል አብረን እናስተምር የነበርነው። ሳልጠይቅህ ብዙ ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ። እናትህ ታመው እንደነበር ሰምቼ ነበር፤ እንዴት ሆኑ?» ከዚያ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው። በዚህ የመጀመሪያ ጥሪ ስለ እሁድ ፈጽሞ ባይነሳ እመርጣለሁ። የሚደውለውም የሚተዋወቅ፣ አብሮ ያገለገለ ሰው ይሁን፤ ተረኛ የኮሚቴ አባል መሆኑ ብቻ አይበቃም። ቢቻል ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ኢየሩሳሌምን ትተው ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ጌታ መንገድ ዘግቶ አልመለሳቸውም። እነርሱ በሚሄዱበት አቅጣጫ አብሯቸው ሄደ፤ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ተስፋቸው እንዴት እንደተቆረጠ እስኪጨርሱ ሰማቸው። የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ገሠጻቸውም፤ ግን ከሰማቸው በኋላ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም ያን ሰዓት ተነሥተው የተመለሱት ማንም ሳያዛቸው ነው። የቀሩትን ሄደው ለሚጠይቁ ሰዎች ሥልጠና ስሰጥ ከዚህ ምዕራፍ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም።

መመለሻው በርም እንዲሁ ሰው ይጥላል። ያነጋገርኳት አንዲት እናት ወልዳ ለወራት ቀርታ፣ በመጨረሻ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ በፈገግታ «ዛሬ ደግሞ ከየት ተገኘሽ!» አላት። ሁለት እርምጃ ሳትራመድ ሌላዋ «ረሳሽን እኮ» አለቻት። ሕፃኑ በስብከት መሐል ሲያለቅስ ከፊት የተቀመጡት ዞር ብለው አዩ። «ክፉ የተናገረኝ የለም» ነው ያለችኝ፤ «ብቻ ለምን እንደቀረሁ ለእያንዳንዱ ሰው ማስረዳት ደከመኝ።» ከዚያ በኋላ አልሄደችም። አስተናጋጆቻችሁን ሰብስባችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታስተምሯቸው ይህን አስተምሯቸው፤ ለስምንት ወር የቀረ ሰው ሲመጣ ባለፈው ሳምንት እንደነበረ ሰው ይቀበሉት። «እንኳን መጣሽ» ይበቃል። ለሚያለቅስ ሕፃንም ወላጁ ሳይሳቀቅ የሚቀመጥበት፣ ስብከቱ የሚሰማበት ቦታ ይኑር።

አምልኮ ትመራ የነበረችው እህት ጉዳይ የተለየ ነው ብዬ እገምታለሁ። ተራ አባል ቀስ በቀስ ይርቃል፤ አገልጋይ ግን ድንገት ይቆርጣል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር እ.ኤ.አ. በ1974፣ ከእርሱም በኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክርስቲና ማስላክ ሰውን በማገልገል የሚመጣውን መዛል አጥንተዋል። ማስላክ ሦስት ምልክቶች አሉት ትላለች፤ ዕረፍት የማያስወግደው ድካም፣ ለሥራውና ለሚያገለግሉት ሰዎች ልብን ማደንደን፣ «የሠራሁት ሁሉ ምን ፈየደ?» የሚል ስሜት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ የሚብስበት ምክንያት አለ። በመሥሪያ ቤት የዛለ ሠራተኛ እሁድ ያርፋል፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሚዝለው በዕረፍቱ ቀን ነው። ከመድረክ ወርዳ ኋላ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ሳምንት ሳይሞላት «መቼ ነው የምትመለሺው?» ትባላለች። ስለዚህ ማረፊያ ሆኖ የሚታያት ከግቢው ውጭ ያለው ብቻ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ኤልያስ ሞቱን ሲመኝ የተላከለት መልአክ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንጀራና ውኃ ሰጠው፤ ሁለት ጊዜ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። የአገልግሎት ዘመን ይገደብ፤ ሲያልቅም ያለ ምክንያት ማስረዳት የሚታረፍበት ጊዜ ይኑር። ለዚያች እህት ስትደውሉ ደግሞ ማይክሮፎኑ እየጠበቃት እንዳልሆነ በግልጽ ንገሯት።

አሁን ደግሞ ጉብኝትም ፈገግታም የማይፈታው ምክንያት አለ፤ በደል። ገንዘቡን የተበላ፣ በአደባባይ የተዋረደ፣ የግል ምስጢሩ የጸሎት ርእስ ተደርጎ የተበተነበት፣ ከሁሉም የሚከፋው በአገልጋይ ሰውነቱ የተደፈረ ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ይቅር ብለህ ተመለስ» ማለት በደሉን መድገም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ልጆችን የደፈሩ ካህናት ከአጥቢያ አጥቢያ ይዛወሩ እንደነበር ሲያጋልጥ፣ በ2022 ደግሞ በአሜሪካ የደቡብ ባፕቲስቶች ኅብረት መሪዎች የተበዳዮችን ጩኸት ለዓመታት እንዴት እንዳፈኑ ገለልተኛ ምርመራ ይፋ ሲያደርግ፣ ምእመኑን ከድርጊቱ እኩል ያስቆጣው ሽፋኑ ነው። እዚህ ላይ ቸርነት የለኝም። ቅሬታው ወንጀል ከሆነ ወደ ሕግ ይሂድ፤ ጉዳዩን የሚመረምሩት የተከሳሹ ወዳጆች አይሁኑ፤ ውጤቱም ለጉባኤው ይነገር። የተበደለው ሰው ከዚያም በኋላ ላይመለስ ይችላል፤ ይህ መብቱ ነው። ሌሎቹ ግን ይህን እያዩ ለመቆየት ወይም ለመሄድ ይወስናሉ።

ስለ ጥርጣሬ ባጭሩ ልበል። ጥያቄ ያለው ሰው በብዛት የሚሄደው መልስ ስላጣ አይደለም፤ ጥያቄውን ያነሣ ዕለት ፊት ስለተለወጠበት ነው። «ስለዚህ ጉዳይ እኔም አላውቅም፤ አብረን እናንብብ» የሚል አንድ አስተማሪ ካላችሁ እርሱን አታባክኑት።

ወጣቶቹን በሚመለከት ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መቀበል አለብን። ብዙዎቹ አልቀሩም፤ ቀድሞውንም የመጡት ወላጅ ስላመጣቸው ነው። ዴቪድ ቮስ እና አላስዴር ክሮኬት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የብሪታንያን መረጃ አጥንተው ሁለቱም ወላጆች ሃይማኖተኛ ከሆኑ ልጁ የእነርሱን እምነት የመከተል ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። አንዱ ብቻ ከሆነ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሁለቱም ካልሆኑ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ታዲያ ሁለት ቤተሰብ አንድ ዓይነት ልጅ ይዞ አንደኛው ለምን ይሳካለታል? ቨርን ቤንግትሰን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን ለአሥርተ ዓመታት በተከታተለው ጥናቱ ያገኘው መልስ የወላጅ ቅርበት ነው፤ በተለይ የአባት። አባቱ ጽኑ አማኝ፣ ግን ቀዝቃዛና የማይቀረብ ከሆነ ልጁ እምነቱንም ከአባቱ ጋር ይተወዋል። ስለዚህ ለወጣቶች ከሚመደበው ጉልበት ከፊሉን ለአባቶች አውሉት። ሌላው፣ ወጣቱን ለብቻው አዳራሽ ሰጥቶ ማሳደግ ችግር አለው፤ በ20 ዓመቱ ያ ክፍል ሲያልቅበት በዋናው ጉባኤ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አዋቂ አያገኝም። እያንዳንዱ ወጣት ወላጁ ያልሆኑ ሁለት ሦስት አዋቂዎች ይወቁት፤ ፈተና ሲኖረው የሚጠይቁት፣ ሲወድቅ የማይገረሙበት።

መዝሙሩ ይቀየር ወይ ለሚለው፣ ጥሩ መዝሙርና የተዘጋጀ ስብከት ለመጣው ሰው ክብር መስጠት ነውና እደግፋለሁ። ያልመጣውን ያመጣል ብዬ ግን አልጠብቅም፤ የሆነውን የሚያየው የመጣ ብቻ ነውና። የኢንተርኔት ስርጭትም ለታመመና ለተጓዘ ትልቅ በረከት ነው፤ ለጤነኛው ግን ያለ ጸጸት መቅሪያ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በስርጭት ብቻ የሚከታተሉትን የሚያውቅና የሚደውልላቸው ሰው መድቡ። ከመድረክ ስለቀሩት ሰዎች የሚሰማው ወቀሳ ግን ይቁም። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰብን እንዳንተው ያሳስባል፤ ከፍ ብሎ ያለው ቁጥር ግን እርስ በርሳችን ለፍቅርና ለመልካም ሥራ እንድንነቃቃ ይናገራል። ይህን ክፍል የመቅረት ክስ ብቻ አድርገን ስንሰብከው ወቀሳውን የሚሰማው የመጣው ነው፤ የቀረው እዚያ የለም። የሚሰማው ወሬው ሲደርሰው ነው።

አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል። እነርሱን ከጠፉት ዝርዝር አውጧቸው፤ መርቃችሁ ሸኟቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኟችሁ ፊታቸውን እንዳያዞሩ አድርጉ።

ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስለ መዝሙሩም ስለ ፍቅር መቀዝቀዝም ክርክሩን ለሁለት ወር አቆዩት። የስም ዝርዝሩን አውጡና እያንዳንዱ አባል የሚያውቃቸውን ሁለት ሰዎች ይውሰድ። መጋቢውም ጭምር። ሄዶ ይጠይቅ፤ ግብዣ አይያዝ፤ የሰማውን ምስጢር በምስጢርነቱ ጠብቆ ለኮሚቴው ሊነገር የሚችለውን ብቻ ይዞ ይምጣ። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ያልታየ ሰው ሲኖር ማን እንደሚደውል አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የስድስትና የስምንት ሳምንቱ ጊዜ ሳያልፍ መሆኑ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስትሰበሰቡ በመዝሙሩ ጉዳይ ድምፅ ይሰጥበት ከተባለ ይሰጥበት፤ ያን ጊዜ ቢያንስ የምትከራከሩት ካነጋገራችኋቸው ሰዎች በሰማችሁት ላይ ይሆናል።